ጥቁር ዣንጥላ ይዤ ወደ ዴር ሡልጣን

ቂርያት መናሔም፣ ማለዳ

ፀሐይ ከሕንፃዎቹ በላይ ሳትወጣ ከቤት ወጣሁ። ሐምሌ ነው። በሐምሌ የኢየሩሳሌም ሰማይ ደመና የሚባል ነገር አያውቅም። የደረጃውን ብረት በአንድ እጄ፣ ጥቁር ዣንጥላዬን በሌላው ይዤ ወረድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ውሃ፣ ዳቦ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና የዓይን ጠብታዬ አሉ። እኩለ ቀን ላይ ከተማ ውስጥ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለኝ። ቀጠሮው የተያዘው በእኔ ስም ነው፤ ዛሬ ግን ወንበሩ ላይ እንድትቀመጥ የምፈልገው ሌላ ሴት ናት። እሷ ይህን አታውቅም። ብታውቅም እሺ ማለቷን እንጃ።

ፌርማታው ላይ አያ ፈረደ ተቀምጠዋል። አያ ፈረደ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ የትም ሳይሄዱ ጠዋት ጠዋት ፌርማታ ላይ ተቀምጠው መንገደኛ መልከፍን ሥራ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው።

"ትርንጎ፣ ዛሬም ጥላሽን ይዘሽ? ቅስናውን መቼ ነው የተቀበልሽው?"

ይህን ቀልድ ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ በፀሐይ ጥላ የሚዘረጋው ለቄሶች ነው። በስግድ በዓላችን ቀን ቄሶቹ ባለ ዘርፍና ባለ ቀለም ጥላ ሥር ሆነው ይጸልያሉ፤ እኛ ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ቆመን እንጾማለን። ዝናብ በሌለበት ጥላ ዘርግታ የምትሄድ ሴት ለብዙዎች አንድም እብድ ናት፣ አንድም ደፋር።

"ባለፈው ሳምንት ነው" አልኳቸው። "የእርስዎን ተዝካር የምባርከው እኔ ነኝ፣ አያ ፈረደ።"

"እንግዲያማ ተመርቄያለሁ!" ብለው ሳቁ። "የት ነው?"

"ሐኪም ቤት።"

ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ ለአያ ፈረደ መንገር ማለት ለሠፈሩ ሁሉ መንገር ነው።

አውቶቡስ ውስጥ

ፀሐይ በማይመታው በኩል ተቀመጥኩ። ሾፌሩ የእኛው ልጅ ነው፤ ዕድሜው አርባ ይሆናል፣ አማርኛው ግን የአሥር ዓመት ሕፃን አማርኛ ነው።

"ኢማ፣ እኛ ጥቁር ነን" አለኝ ጥላዬን እያየ። "ፀሐይ ለእኛ ምን ታደርጋለች? ክሉም!" ኢማ እናቴ፣ ክሉም ደግሞ ምንም አታደርግም ማለቱ ነው።

"እስቲ ሁለቱን ክንድህን አሳየኝ" አልኩት።

ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ነበርና መሪውን ለቆ አሳየኝ። በመስኮቱ በኩል ያለው ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ ጠቁሯል፤ የክንዱ ቆዳም እንደ አሮጌ ጫማ ሰንበር በሰንበር ሆኗል። ራሱም እንደዚያ አስተያይቶት አያውቅም መሰለኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ የኋላዎቹ መኪኖች እስኪያንባርቁበት ድረስ አየው።

እኔም እንደ እሱ ነበርኩ። እንደዚያ ብዬ እንዳምን ያደረገኝን ሰው ደግሞ አልረሳሁትም። ከጎንደር ከመጣሁ በኋላ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ የሠራሁት በመንገድ ዳር አትክልትና ጽዳት ላይ ነው። አለቃችንን መናሄል እንለው ነበር። ለክረምቱ ካፖርት፣ ለበጋው ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽርና የቆዳ ቅባት ያድላል። ከሩሲያ ለመጡት ሴቶች ባርኔጣና መነጽር ሰጣቸው። እጄን ስዘረጋ ሳቀብኝ።

"ለአንቺ ምን ያደርግልሻል? እናንተ እኮ ለፀሐይ የተሠራችሁ ናችሁ።"

ሙገሳ መስሎኝ እጄን ሰበሰብኩ። ስሙን አልጽፍም። ጡረታ ወጥቶ ባሕር ዳር እንደሚኖርና ከአፍንጫው ላይ አንድ ክፉ ነገር እንዳስቆረጠ ሰምቻለሁ። አላዘንኩም።

የእኔ የወጣው ዓይኔ ላይ ነው። መጀመሪያ ማሳከክና መቅላት ነበር፤ አቧራ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ በአፍንጫዬ በኩል ካለው ነጭ ላይ ቀላ ያለ ሥጋ ተነስቶ ወደ ጥቁሩ መሳብ ጀመረ። የዓይን ሐኪሜ ቆርጣ አወጣችውና ክፉ ዘር፣ ካንሰር የሚሉት፣ ያለበት ሆኖ ተገኘ። በጊዜው ስለ መጣሽ ዓይንሽ ተረፈ አለችኝ።

ያስረዳችኝን በገባኝ መጠን ልጻፈው። ፀሐይ ከምናየው ብርሃንና ከሚሰማን ሙቀት ሌላ የማይታይ ጨረር አላት፤ አልትራቫዮሌት ይሉታል። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖም ይመጣል፤ በስስ ደመናም ያልፋል። ጥቁር ቆዳ ይህን ጨረር ከነጭ ቆዳ ይልቅ ይከላከላል፤ ፈጽሞ አይነካውም ማለት ግን አይደለም። ዓይን ግን ጥቁርም ሆነ ነጭ ሰው ላይ ያው ዓይን ነው። ይህች ከተማ ደግሞ ከፍታ ላይ ያለች፣ በነጭ ድንጋይ የተሠራች ናት፤ ጨረሩ ከላይ ይወርዳል፣ ከድንጋዩ ላይ ተመልሶ ደግሞ ከታች ይገባል።

"ቆዳሽ ራሱን ጠብቋል" አለችኝ። "ዓይንሽ ግን ባርኔጣ አልነበረውም።"

ከዚያ በፊት የሠፈራችን ሐኪም ደግሞ ደሜን መርምሮ ቫይታሚን ዲ የለሽም፣ ፀሐይ ሙቂ ብሎኝ ነበር። ጥቁር ቆዳ ያንን ለመሥራት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋልና። ታዲያ ማናችሁን ልስማ ብላት፣ "ክንድሽን ለጥቂት ጊዜ አሙቂው፣ ዓይንሽን አጥሊው፣ የጎደለውን በክኒን ሙዪው" አለችኝ። ይህን ጥላ የገዛሁት ያን ዕለት ነው።

ኢትዮጵያ ጎዳና

ከዋናው መንገድ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። ጎዳናው ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ጥድ፣ ከጥዱ ኋላ የኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን ክብ ጣራ። ጸጥ ያለ ነው። ቱሪስቶች ጥላውን ይወዱታል፤ እኔ የጥዱን ቅጠል ለዓመታት ስለጠረግኩት አልወደውም።

ያኔ በመጥረጊያዬ ላይ ተደግፌ ሳለሁ ነው ይመኙሻልን ከበሩ ስትወጣ ያየኋት። ቢጫ ቆብ፣ ቢጫ ነጠላ። መንኩሳለች። ከአንድ መንደር ነን፤ ከአንድ ወንዝ ውሃ ቀድተናል። እኔም አወቅኋት፣ እሷም አወቀችኝ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም መጥረጌን ቀጠልኩ።

ለምን እንደተሸፈነች አውቃለሁ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። ማረሻውን ይፈልጉታል፣ እኛን ግን ቡዳ ይሉናል። ልጃገረድ ሳለን የይመኙሻል ዓይን አብጦ ተደፈነ። ወላጆቿ አጥነው "ማን በላሽ?" ሲሏት የእኔን ስም ጠራች። ከወንዝ ስንመለስ አብሬያት የሳቅሁት እኔ፣ በዓይኔ በላኋት ተባለ። በነጋታው መጥተው የአባቴን ወናፍ በቢላ ቀደዱት፤ ዘመዶቻችን ወዳሉበት ሌላ መንደር ሌሊት ተሰደድን። ዓይኗ ወዲያው እንደዳነ በኋላ ሰማን። ድኗል፣ ተመለሱ ያለን ግን አልነበረም።

አሁን ለምን ትሄጃለሽ የሚል ይኖራል። ባለፈው ወር ለክትትል ወደ ሐኪሜ ስሄድ በዚሁ ጎዳና አለፍኩ። ይመኙሻል በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን እስክትስብ ድረስ ዓይኗን አየሁት። ያው ነው፤ ያው ቀላ ያለ ሥጋ፣ ከአፍንጫ በኩል፣ የጥቁሩን ዳር አልፎ የገባ። ከእኔው የባሰ ነው። ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ዝም ማለት መብቴ ነው ብዬም አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ግን ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር፣ መስታወት ባየሁ ቁጥር፣ ያ ዓይን ይመጣብኝ ጀመር። በዓይኗ ምክንያት አንድ ጊዜ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ አላጣም።

በሩ ላይ አንድ አባ ቆመዋል።

"እማሆይ ወለተ ሥላሴ አሉ?" አልኳቸው። የምንኩስና ስሟን ከሰው ጠይቄ ነው ያወቅሁት።

"ዴር ሡልጣን ናቸው። እዚያ ከተዛወሩ ሰነበቱ፤ እዚህ የሚመጡት ለበዓል ነው። ማን ጠየቀ ልበል?"

"ያገራቸው ሰው።"

ጥላዬን አዩና "ፀሐይ አይስማማሽም?" አሉኝ።

"ለማንም አይስማማም፣ አባ" ብዬ ወረድኩ።

የደማስቆ በር

የነቢያት ጎዳናን ቁልቁል ይዤ ነው የሄድኩት። ፀሐይ ወጥታለች፤ ድንጋዩ ያንጸባርቃል። በሩ ጋ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ፣ የወይን ቅጠል፣ የሾላ ፍሬ፣ የቻይና ጫማ ይሸጣል። ጥቁር መነጽር የደረደረ አንድ ነጋዴ ለፈረንጆቹ እየጮኸ እኔን ግን ዝም ብሎ አሳለፈኝ። እሱም እንደ መናሄላችን ነው። ደግ አደረገ፤ ጨረሩን የማይከለክል ርካሽ ጥቁር መነጽር ከባዶ ዓይን የባሰ ነው ተብያለሁ። ጨለማ መስሎት ዓይን ይከፈታል፣ ያ የማይታየው ደግሞ በተከፈተው ይገባል።

በሩን ካለፍኩ በኋላ ገበያው በጣራና በሸራ የተሸፈነ ነው። ጥላዬን አጠፍኩ። የቅመማ ቅመም ሽታ፣ የጋሪ ጩኸት፣ የሥጋ ቤት ደም። ከገበያው ወደ ቀኝ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ቆሜ ተነፈስኩ። ለእሷ ብዬ ነው ይህን ደረጃ የምወጣው? ብዬ ራሴን ሰደብኩ። ወጣሁት።

ዴር ሡልጣን

ገዳሙ ያለው በትልቅ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ነው፤ ከጨለማው መተላለፊያ ሲወጡ ጣራው እንደ ጥፊ ነው። ነጭ ብርሃን። ጥላዬን መልሼ ዘረጋሁ። በመካከል ከሥር ላለው ቤተ ክርስቲያን ብርሃን የሚሰጥ ጉልላት፣ በዙሪያው በጭቃና በድንጋይ የተሠሩ ትናንሽ ጎጆዎች፣ አረንጓዴ በሮች፣ አንዲት ዛፍ። ጥላዋ ትንሽ ነች።

ይመኙሻል ከጥላው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዳዊት ትደግማለች። አንድ ሽማግሌ አባ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ያንቀላፋሉ።

"ይመኙሻል" አልኳት። እማሆይ አላልኳትም።

ቀና አለች። ወዲያው ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ሳበች።

"ምን ፈለግሽ?"

"ዓይንሽን።"

ማለት የፈለግሁት እንደዚያ አልነበረም። አንዴ ወጣ። እሷም እንዳሰብኩት አልተቆጣችም፤ የጠበቀችው መልስ ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

"ወስደሽው የለ" አለች። "መጥረጊያ ይዘሽ ካየሽኝ ቀን ጀምሮ ነው የታመመው። ያኔም አንቺ፣ አሁንም አንቺ።"

"እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ ከጀመርሽ ስንት ዘመን ሆነሽ?"

"ወንበሩን ምን አገባሽ?"

"ዛፍ እያለ ለምን ፀሐይ ላይ ትቀመጫለሽ?"

"ወንበር እዚህ ጣራ ላይ እንደ ልብ አይነሳም" አለች። "ይህ ቦታ ከግብፆቹ ጋር ክርክር ያለበት ነው። ዛሬ ለጥላ ብዬ ባነሳው፣ ነገ ለቀቁት ይባላል።"

አባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ማንም አላዘዛቸውም፤ ራሳቸው ናቸው" አሉ። "ተነሱ ብንል እምቢ አሉ።"

"ጠበል እጠመቅበታለሁ፤ ይበቃኛል" አለች ይመኙሻል። "አንቺ ብቻ ሂጂልኝ። አትዪኝ።"

ጥላዬን አጠፍኩና ጎንበስ አልኩ። የቀኝ ዓይኔን ሽፋን በጣቴ ወደ ታች ሳብኩላት። የተቆረጠበት ቦታ ጠባሳው አሁንም ይታያል።

"እሺ፤ የአንቺን እኔ በላሁት እንበል" አልኳት። "የእኔንስ ማን በላው?"

ነጠላዋ ቀስ እያለ ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። ፊቷ ተጨማድዷል፤ የእኔም እንደዚያው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ተያየን፤ ማናችንም አልሞትንም።

"ማን ቆረጠው?"

"ሐኪም። እኩለ ቀን ላይ ቀጠሮ አለኝ። የእኔን ቀጠሮ ውሰጂ።"

"ለምን?"

"ነገ ዓይንሽ ሲጠፋ፣ ትርንጎ አጠፋችው እንዳትዪ።"

ወንበሩን አየች። አባ ያን ጊዜ ተነሱና በዝግታ መጥተው ከጎኗ ቆሙ። "ይሂዱ እማሆይ፤ እኔ እቀመጥበታለሁ" አሏት። ከወንበሩ ስትነሳ ወንበሩ አልተንቀሳቀሰም።

ክሊኒኩ፣ እኩለ ቀን

ሐኪሟ አረብ ናት፣ ወጣት። እኔን "ኢማ" ትለኛለች። ቀጠሮዬን ለሌላ ሰው መስጠቴን ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። የይመኙሻልን ዓይን ካየች በኋላ ግን ቁጣውን ተወችው። ጠብታ አደረገችባት፤ በመሣሪያው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። የእኔ ዕብራይስጥ ከመጥረጊያ ጋር የተለቀመ ነው፤ ይበቃል።

"ሥጋው ካልተቆረጠ የዓይኑን ብሌን ይሸፍናል" አለች ሐኪሟ። "ክፉ ዘር አለበት ወይ የለበትም የሚታወቀው ቆርጠን ስንመረምረው ነው። ካለበትና ከዘገየች፣ ዓይኑን ራሱን ማውጣት ይመጣል። የሚመጣው ሳምንት እንቁረጠው።"

ተረጎምኩ። ይመኙሻል እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ሰማች።

"ከምን እንደመጣ ጠይቂልኝ።"

ጠየቅሁ። "ከፀሐይ ነው አለች፤ ዘመንሽን ሙሉ ነጭ ድንጋይ ላይ በመቀመጥሽ" ብዬ መለስኩላት።

"አልጠየቅሻትም" አለች ይመኙሻል። "በደንብ ጠይቂያት። ከሰው ዓይን ሊሆን ይችላል ወይ፣ በያት።"

ሐኪሟ ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ ታያለች። አንባቢ ሆይ፣ ያንን ጥያቄ ወደ ዕብራይስጥ መለስኩት። ቃል በቃል። የሰው ዓይን ይህን በሽታ ሊያመጣ ይችላል ወይ ትላለች፣ አልኩ።

"የማን ዓይን?" አለች ሐኪሟ።

"የእኔ።"

አልሳቀችም። ለዚህ አመሰግናታለሁ። "አይችልም" አለች። "ከፀሐይ ነው።"

"ከፀሐይ ነው አለች" አልኩ።

ይመኙሻል ራሷን ነቀነቀች። "እሷ ናት ያለችው ወይስ አንቺ?"

እዚያ ላይ ጥላዬን አንስቼ ልወጣ ነበር። ከቂርያት መናሔም ድረስ መጥቼ፣ ቀጠሮዬን ሰጥቼ፣ ደረጃ ወጥቼ፣ አሁንም ያው የጎንደር መንደር ውስጥ ቆሜያለሁ። ሐኪሟ "ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ። "አታምነኝም" አልኳት። "ከመጀመሪያውም አታምነኝም።"

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ይመኙሻል አስጠጋች። እኔን ትታ፣ ዕብራይስጡንም ትታ፣ በጣቷ ወደ መስኮቱ አመለከተችና በአረብኛ አንድ ቃል አለች።

"ሸምስ።"

ይመኙሻል ከገበያው አረቦች ጋር ለዘመናት የኖረች ናት፤ የዳቦውን፣ የውሃውን፣ የፀሐዩን ስም ታውቃለች።

"ሸምስ?" አለች።

"ሸምስ፣ ያ ኡሚ።" ፀሐይ ነው፣ እናቴ።

ከዚያ ሌላ አልተጠየቀም። ይመኙሻል ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ይቁረጡት በያት" አለች።

መልስ

ጠብታው የዓይኗን ብሌን ስለከፈተው ደጅ ስንወጣ ብርሃኑ አሳወራት። ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ክንዷን ያዝኩ፣ ጥላዬን ዘረጋሁላት። ድሮ እናቴ የክርስቲያን ሰው ነክቼ ብመጣ ወንዝ ወርጄ ሳልታጠብ ቤት አታስገባኝም ነበር። የእሷም እናት ብታየን ትጮህ ነበር። ጥላው ለሁለት አይበቃም። ግማሽ ትከሻዬና ባለ ጠባሳው ዓይኔ ፀሐይ ላይ ቀሩ። ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩት። የሚያየን ሰው ለመነኩሲት ጥላ የያዘች ሎሌ ነው የሚለኝ። ይበል።

ወደ ዴር ሡልጣን የሚያወጣው ደረጃ ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ያኔ ዓይኔ ወዲያው ነው የዳነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"አባትሽ…"

"ሞቷል። ሱዳን መንገድ ላይ።"

ነጠላዋን አስተካከለች። አንድ ነገር ልትል እንደሆነ ከንፈሯ ይናገራል። ጠበቅሁ። እንደማልጠብቅ እየመሰልኩ ጠበቅሁ።

"ወንበሩን ማንሳት አልችልም" አለች በመጨረሻ። "ጥላውን ግን… ትተዪልኛለሽ?"

ይቅርታ አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም፤ የተዘጋጀ ይቅርታ ይዤ አልሄድኩም ነበር። ጥላ ግን ይዤ ነበር። እጀታውን እጇ ላይ አደረግሁት። እየዳበሰች ወጣች። ከታች ሆኜ ሳይ፣ ጣራው ጫፍ ላይ ስትደርስ ጥቁሩ ጥላ ተዘረጋ።

ቂርያት መናሔም ስወርድ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። አያ ፈረደ ያው ፌርማታቸው ላይ ናቸው። ባዶ እጄን ሲያዩ ቀና አሉ።

"ጥላሽስ? ምነው፣ ከቅስናው ሻሩሽ?"

"ሻሩኝ፣ አያ ፈረደ" አልኳቸው። "ለሌላ ሰው ተሰጠ።"

ነጠላዬን በዓይኔ ላይ ስቤ ወደ ደረጃው ሄድኩ።